የጊታር አስተማሪዋ የማለዳ ሰዓት

ሰኞ

አፌ ቀደመኝ። ጋሽ ተፈራ ደውሎ "አሁንም ትጫወቻለሽ?" ሲለኝ ሳላስብ "አዎ" አልኩት። መዋሸቴ የገባኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። ማስተማርና መጫወት አንድ ቢሆኑ ኖሮ ውሸት አይሆንም ነበር።

ጋሽ ተፈራ ከማግባቴ በፊት አብሬው የሠራሁት የባንድ መሪ ነው። ጊታር ተጫዋቹ አዲስ አበባ ሄዶ በዚያው ቀረበት፤ የጥር ሰርግ ደግሞ እየደረሰ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሄጄ ከባንዱ ጋር ሦስት ዘፈን ልሞክር ነው። ከሆነልኝ የከሰዓቱን ትምህርት ቤት እለቃለሁ። ግማሾቹ ክር የሌላቸውን ጊታሮች ለአንድ ክፍል ልጅ እያዟዟርኩ ማስያዜ ይቀራል። ካልሆነልኝ ግን እኔ ጊታር የምጫወት ሴት ሳልሆን ጊታር የማስይዝ ሴት ነኝ ማለት ነው። የምፈራው ይህንን ነው። ሌላው ሁሉ ይቻላል።

ቀኔ እንዲህ ነው፦ ጠዋት ፒያሳ ያለው የግል ትምህርት ቤት። ከሰዓት አዘዞ። አመሻሽ ላይ በየቤታቸው የማስተምራቸው ልጆች። ከዚያ ልጄ ሜላት፣ እራት፣ ሜላትን ማስተኛት፣ የነገ ልብሷ። ባለቤቴ ሙሉቀን የሆስፒታል ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነው፤ ተረኛ ሲሆን አይኖርም፣ ተረኛ ሳይሆን ደግሞ እንቅልፉን ይተኛል። አልፈርድበትም።

የኔ የምለው ሰዓት ጎህ ሲቀድ ያለው ብቻ ነው። ሁሉም ተኝቶ፣ ወደ ግቢው መስኮት ባላት ትንሿ ክፍል ውስጥ። ብርዱ ጣት ያደርቃል። ግን በዚያ ሰዓት ማንም "ቲቸር" አይለኝም።

መለማመድ ያለብኝ፦
ትዝታው፣ በተለይ መግቢያው።
አምባሰሉ፣ ሁሉም።
የሰርጉ ዘፈን፣ ፍጥነቱ።

ግራ እጄ ልጆቹን ሲያሳይ ስለሚውል ደህና ነው። ቀኝ እጄ ሰንፏል። የቀኝ ጥፍሮቼ ግን ጥሩ አድገዋል፤ ቢያንስ እነሱ ሥራቸውን ሠርተዋል።

ማክሰኞ

ይህን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ትዝታውን ጀመርኩ። ክፍሏ ስለምትታፈን መስኮቱን ገርበብ አድርጌው ነበር። ጥሩ ሄደልኝ። እጄ ሞቅ ሲል ቀና አልኩና የግቢው በር ላይ ጋቢያቸውን የተከናነቡ ሽማግሌዎች ቆመው አየሁ። አያወሩም። የዚህ አገር ሰው በዚያ ሰዓት ጋቢ የተከናነበ ሽማግሌ በር ላይ ካየ ምን እንደሆነ አይጠይቅም። መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። እኔም አውቃለሁ። እጄ ግን ቶሎ አልቆመም።

አከራያችን እትዬ ዘነቡ በዚያው ቅጽበት ነጠላ እንኳን ሳይደርቡ ወጡ። የጊታሩ ድምፅ ነው የቀሰቀሳቸው። ፈገግ ብለው ወደ መስኮቴ እያዩ ነበር፤ ሌላ ጊዜ እንደሚያደርጉት "ዛሬም ማለድሽ?" ሊሉኝ ይመስለኛል። ከዚያ ዞር ሲሉ ሰዎቹን አዩ።

ሽማግሌዎቹ የቆሙት የጎረቤት ሴቶች እስኪሰበሰቡ ነበር። እንደዚያ ነው ወጉ፤ ደጋፊ ሳይኖር አይነገርም። ሴቶቹ ግራና ቀኝ ይዘዋቸው፣ ምንጣፍ ላይ አስቀምጠዋቸው ነበር ሊሰሙት የሚገባው። በኔ ምክንያት ቀድመው ነቅተው፣ ብቻቸውን ቆመው ሰሙት።

የሞተው ልጃቸው ማስረሻ ነው። ያላቸው እሱ ብቻ ነበር። የጭነት ማኪና ይነዳ ነበር፤ ከትክል ድንጋይ ሲመለስ ማኪናው ተገልብጦ ሞተ። እዚያው በአባቱ አገር ቀብረውት ነው የመጡት።

ሮጬ ስወጣ ጊታሩ በእጄ እንደነበረ ያወቅሁት አንዷ ጎረቤት ስትቀበለኝ ነው። ወስዳ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። እስከ ረፋድ እዚያው ፀሐይ ላይ ቆየ። እኔም ሄጄ ለማንሳት አፈርኩ።

ጠዋት ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ከሰዓት አዘዞ ሄጄ ምን እንዳስተማርኩ አላስታውስም።

ረቡዕ

ድንኳኑ ከበራችን ፊት ለፊት ተተክሏል። በሩን ስከፍት የምረግጠው የድንኳኑን ገመድ ነው። በግቢው ውስጥ እስከ አርባው ድረስ ራዲዮ አይከፈትም፣ ቴሌቪዥን አይከፈትም። ጊታርን የጠቀሰ ሰው የለም፤ መጥቀስም አያስፈልግም። አልጋ ሥር አስገብቼዋለሁ።

ሙሉቀን ቅዳሜን እንድተወው ነገረኝ። ለጋሽ ተፈራ ለቅሶ ገጠመኝ በይው፣ ይገባዋል አለኝ። አዎ፣ ይገባዋል። አዝኖልኝ ሌላ ሰው ይቀጥራል።

ከሥራ መልስ ከሴቶቹ ጋር ሽንኩርት ከተፋ ገባሁ። ጾም ስለሆነ ምስርና ሽሮ ነው፤ ሽንኩርቱ ግን አያልቅም። ከትክል ድንጋይ የመጡ አንዲት የሟች ዘመድ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። እጄን ያዙና አገላብጠው አዩት። "ምነው ልጄ፣ የቀኝሽን ጥፍር ብቻ አሳድገሽ የግራሽን የቆረጥሽው?" አሉኝ። ለሥራዬ ነው አልኳቸው። ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ሲጠይቁኝ አስተማሪ ነኝ አልኩ። ግራ ተጋብተው ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ። ድንኳን ውስጥ "ጊታር" የሚለውን ቃል አውጥቼ መናገር አቃተኝ።

ጨርሼ ስገባ በሩን ቆልፌ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ከክሮቹ ሥር ሻርፔን ወትፌ ትዝታውን ሞከርኩ። እንዲህ ሲደረግ ጊታር አይዘፍንም፣ ጠብ ጠብ ነው የሚለው፤ ጣት ግን ይሠራል። ከግድግዳው ማዶ ሴቶቹ ማስረሻን ስሙን እየጠሩ ያለቅሳሉ። ነውር እንደሆነ ተሰማኝና አቆምኩ።

ከዚያ እንደገና ጀመርኩ። ይህን ለሙሉቀንም አልነግረውም።

ሐሙስ

ሰልስት። ዛሬም የጠዋቱን ትምህርት ቤት አስፈቀድኩ። ርዕሰ መምህሩ በስልክ አዘነልኝ፣ ቀጥሎ ደግሞ የአንድ አከራይ ለቅሶ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠየቀኝ። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ነው።

እንግዳው ከተሸኘ በኋላ ትልቁን ድስት ስፈገፍግ የአመልካች ጣቴ ጥፍር ከሥሩ ተሰበረ። ቀኝ እጄ። ያለሱ የትዝታው መግቢያ አይሆንም። እዚያው ድስቱ ላይ ጎንበስ ብዬ አለቀስኩ። ለአንድ ጥፍር። ሴቶቹ ለማስረሻ መስሏቸው ከበቡኝ፣ "አይዞሽ፣ ሸጋ ልጅ ነበር" እያሉ ትከሻዬን አሹኝ። ያን ጊዜ ባሰብኝ፤ አሁን የእውነት ለእሱ ነበር። ባለፈው የሜላትን ብስክሌት ጎማ የጠገነላት እሱ ነው። ገንዘብ ስሰጠው ተቆጥቶ ነበር።

አመሻሽ ላይ የሐያት ቀን ነው። ሐያት ከቤት ተማሪዎቼ ሁሉ በችሎታ የምትበልጠው ናት። ቤተሰቦቿ ከጥንት ጀምሮ ጨርቅ ነጋዴዎች ናቸው፤ ሱቁ ታች ነው፣ ቤታቸው ከላይ። ጊታሩን በሜላት ብርድ ልብስ ጠቅልዬ በጓሮ በኩል አወጣሁት። የገዛ ዕቃዬን እንደ ሌባ።

እናቷ ወይዘሮ ዘይነባ ያለውን ነገር ሲሰሙ ማስተዛዘኛ የሚሆን አንድ ጆንያ ስኳር አሰናዱልኝ። እሱን ተቀብዬ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ሌላ ነገር ለመንኩ፦ ከትምህርቱ በኋላ ከሱቁ ጀርባ ባለው መጋዘን ውስጥ ትንሽ ብለማመድ። ለዚህም ታስፈቅጃለሽ? አሉኝ።

በጨርቅ ጥቅሎች መሀል ተቀምጬ ጀመርኩ። ጨርቁ ድምፁን ስለሚውጠው እኔ ራሴም በደንብ አልሰማውም፤ ቢሆንም ክፍል ነው፣ በር አለው። የመጀመሪያውን ሐረግ እንደጨረስኩ በሩ ተከፈተ። ሐያት ጊታሯን ይዛ ነው። "ቲቸር፣ እሱን ደግሞ አሳዪኝ።" አሳየኋት። ሞከረች። ጠበቅኋት። ቀጣዩን ሐረግ አሳየኋት። ጠበቅኋት። እንደዚያ እንዳለን ሱቁ የሚዘጋበት ሰዓት ደረሰ።

ልቆጣት አልቻልኩም። ጎበዝ ናት፣ ትሰማለች፤ ችግሩም እሱ ነው። ጊታሩን እዚያው አሳደርኩት።

ዓርብ

የተሰበረውን ጥፍር በሱፐር ግሉና በሶፍት ለጠፍኩት። ሽፋኑ ወፍራም ነው፣ ድምፁ ይሻክራል፣ ግን ይይዛል። ሙሉቀን ሲያየኝ ሳቀ። ከማክሰኞ ወዲህ በቤታችን የተሰማ የመጀመሪያው ሳቅ ነው፤ ወዲያው ሁለታችንም ወደ ድንኳኑ አየን።

አዘዞ ክፍል ከመግባቴ በፊት ጥበቃውን ለምኜ የተሰበሩ ዴስኮች ያሉበትን ዕቃ ቤት አስከፈትኩ። ከትምህርት ቤቱ ጊታሮች ክር ያለውን አንዱን ይዤ ገባሁ። አቧራው ያስነጥሳል። ግን ብቻዬን ነበርኩ፤ በሩንም ከውስጥ በዴስክ ዘጋሁት።

የሰርጉ ዘፈን ወጣልኝ። ፍጥነቱም ሳይጎድል። በመጀመሪያ ማመን አቅቶኝ ደገምኩት፣ አሁንም ወጣ። እየቆራረጥኩ ነው የተለማመድኩት፤ አንድ ሐረግ፣ ረፍት፣ ቀጣዩ ሐረግ። ጊዜ ሲያጥር ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም፣ ለልጆቹም የምነግራቸው ይህንን ነው። አምባሰሉን ግማሽ ድረስ አደረስኩ። ትዝታው እጄ ላይ ነው።

ሳልወድ ደስ አለኝ። ቤት ስደርስ ፊቴን አጨፍግጌ ገባሁ።

ቅዳሜ

አልሆነም።

ጠዋት ጊታሬን ከእነ ሐያት ሱቅ አንስቼ ሄድኩ። ስጀምረው ምንም አልጎደለኝም። ጋሽ ተፈራ ሸብቷል፣ እንደ ድሮው ተቀምጦ እግሩን እያወዛወዘ ነው የሚያዳምጠው። ቤዝ ተጫዋቹና ከበሮ መቺው ልጆች ናቸው፤ አላውቃቸውም። ትዝታውን በኔ መግቢያ እንጀምር ተባለ። መግቢያው አራት ሐረግ ነው። እነሱ የሚገቡት ከዚያ በኋላ ነው።

የመጀመሪያውን ሐረግ ተጫወትኩ። ቆንጆ ነበር፤ የተለጠፈው ጥፍር እንኳን አልከዳኝም። ከዚያ ቆምኩ። እጄን ከክሩ ላይ አንስቼ፣ ቀና ብዬ ቤዝ ተጫዋቹን አየሁትና ራሴን ነቀነቅሁለት። "አሁን አንተ" እንደማለት። ልጁ ግባ ያልኩት መስሎት ደንግጦ ገባ። ከበሮው ተከተለው። ሁሉም ተደበላለቀ። ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

እንደገና ጀመርን። የመጀመሪያውን ሐረግ አለፍኩ። ሁለተኛው መጨረሻ ላይ እጄ በራሱ ተነሳ። እምላለሁ፣ በራሱ ነው። ያው ቀና ማለት፣ ያው ራስ መነቅነቅ። በዚህ ጊዜ የሳቀ የለም።

አምባሰሉም ያው ሆነ። የሰርጉን ዘፈን ሳልቆም ጨረስኩት፣ ግን በየሐረጉ መጨረሻ ስጎተት ከበሮው ጥሎኝ ይሄዳል፣ ሮጬ እደርስበታለሁ፣ እንደገና ጥሎኝ ይሄዳል። ለስንት ዓመት አንድ ሐረግ ተጫውቼ ልጅ እስኪደግመው ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ዕቃ ቤት ውስጥም ያንኑ ሳደርግ ነበር፣ ልምምድ መስሎኝ።

ጋሽ ተፈራ ልጆቹን ሻይ ጠጡ ብሎ አስወጣቸው። ቆሌዬ ተገፎ ክር የማላላ መስዬ ጎንበስ አልኩ።

"እጅሽ አልጠፋም" አለኝ። "ግን ትጠብቂያለሽ። ማንን ነው የምትጠብቂው?"

ለጥር የደረሰ ሰው እንደሚፈልግ፣ እኔን እስኪያስለምድ ጊዜ እንደሌለው ነገረኝ። አልከፋም፣ እንደ ሁልጊዜው ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። ከፋሲካ በኋላም ሰርግ አለ፣ ይህን መጠበቅሽን ከተውሽ ያን ጊዜ ነይ አለኝ። በር ድረስ ሸኘኝ።

ባጃጅ ውስጥ ጊታሩን ጉልበቴ ላይ አቅፌ ወደ ቤት ሄድኩ። እነ ሐያት ጋ መልሼ ማሳደሩንም ረሳሁት፣ በብርድ ልብስ መጠቅለሉንም ረሳሁት። በዋናው በር፣ በድንኳኑ መሀል፣ በእጄ እንደያዝኩት አለፍኩ። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ አየኝ። እትዬ ዘነቡም አዩኝ።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን የመጣው ሰው ሲበተን እትዬ ዘነቡ ሰው ልከው አስጠሩኝ። ድንኳኑ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ነበሩ። አጠገባቸው እንድቀመጥ በእጃቸው አሳዩኝ። ፊታቸው በሳምንት ውስጥ ሌላ ሰው ሆኗል። ስለ ትናንቱ ሊወቅሱኝ መስሎኝ ቀድሜ ይቅርታ ጠየቅሁ፣ የማክሰኞውንም ጨምሬ።

"ምን አጠፋሽና" አሉኝ። "ያን ለት ጊታርሽን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነው የወጣሁ። መቼም ከዚያ ወዲህ ደስ ያለኝ ጊዜ የለም።"

እጃቸውን ያዝኩ። እሳቸውም ቀጠሉ።

"አርባው ሲወጣም ቢሆን፣ እኔ ባለሁበት አታሰሚኝ ልጄ። ከቤቴ ውጡ አልልም። እሱን ብቻ።"

"እሺ እትዬ" አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ለሙሉቀን ስነግረው ሌላ ቤት እንፈልግ አለ። አሁን እትዬ ዘነቡን ጥለን የምንሄደው በየትኛው ዓይናችን ነው? እሱም ያውቀዋል፤ ለማለት ያህል ነው ያለው። ሜላት ማስሬ መቼ ነው የሚመጣው እያለች ትጠይቃለች። ተቀብሯል አልኳት። አልገባትም።

የማለዳዋ ሰዓት ሄደች። ለአርባ ቀን መስሎኝ ነበር፣ ለካ ለዘለቄታው ነው። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ዋልኩ። ጠዋት ትምህርት ቤት። ከሰዓት አዘዞ። ዕቃ ቤቱን ጥበቃው ደግሞ አይከፍትልኝም፣ ተቆጥተውታል። መጋዘኑ ሐያት አለችበት። ማታ ሜላት። ፋሲካ ሩቅ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ከነዚህ ሰዓቶች አንዱን ከአንድ ሰው ካልወሰድኩ ከየትም አይመጣም። ይህን ሳስበው ራሴን ጠላሁት።

ሰኞ

ሐያት እንደ ሁልጊዜው ቀድማ ክሮቿን ቃኝታ ጠበቀችኝ። እሷ ራሷ ትዝታውን ካልተማርኩ ብላለች፣ ከሐሙስ ጀምሮ ሌላ ነገር አትፈልግም። ወይዘሮ ዘይነባ ታች ጨርቅ እየለኩ ነበር፤ ስገባ ስለ እትዬ ዘነቡ ጠየቁኝ፣ የገናን በዓል እንደምንም አሳልፏቸው አሉኝ።

ተቀመጥን። ጣቶቿን ክሩ ላይ አዘጋጀች። መግቢያውን ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ሐረግ መጨረሻ ላይ እጄ ሊነሳ ሲል ያዝኩት። እንደ ሌላ ሰው እጅ ነው የያዝኩት። ሐያት ልትጀምር ጣቷን አንቀሳቅሳ ነበር፣ እኔ ስቀጥል ቆመች። ሁለተኛው ላይም እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ ተሳሳትኩ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን "ይቅርታ፣ ከላይ እንጀምር" እል ነበር። አልመለስኩም። የተለጠፈው ጥፍር ከጎኑ ተላቆ ይሻክራል፣ ተውኩት። ቀና ብዬ ላለማየት ዓይኔን ምንጣፉ ላይ ተከልኩ። አራተኛው መጣ፣ ባንዱ የሚገባበት ቦታ መጣ፣ ማንም አልገባም፣ እኔ ግን ሄድኩ። እስከ መጨረሻው ድረስ ሄድኩ። አልሠመረም፤ ግን አልቆምኩም።

ስጨርስ ላብ አጥምቆኝ ነበር። ሐያት ጣቶቿ አሁንም ክሩ ላይ ናቸው።

"ቲቸር፣ ምነው ዛሬ ሳትጠብቂኝ?"

ልጅቷ ተቀይማለች፤ እውነቷን ነው። እናቷ ከታች ሆነው ሁሉንም ይሰማሉ፤ የትኛው ድምፅ የኔ፣ የትኛው የልጃቸው እንደሆነ ይለያሉ። ዛሬ የልጃቸው አልተሰማም።

"ዛሬ ስሚኝ ብቻ" አልኳት። እንደገና ከላይ ጀመርኩ። ስጨርስ አንዴ ደገምኩት። ከዚያ ሰዓቱ አለቀ፤ ሐያት አንድም ሐረግ ሳትጫወት ጊታሯን ሰቀለች፤ እስከ ደረጃው ድረስ ግን ሸኘችኝ።

ሰዓቱ የእሷ ነበር፣ ወሰድኩባት። ሐሙስ ምን እንደማደርግ አላውቅም።